የሜዳው ነገር አደራ፤ ለሲያትል ከተማ ምክር ቤትና ለሲያትል ሴንተር አስተዳደር ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የሲያትል ከተማ ምክር ቤት አባላት፣
ለሲያትል ሴንተር አስተዳደር፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤው በአማርኛ ስለመጣባችሁ አትደንግጡ። እናንተም በአማርኛ እያስተረጎማችሁ ወረቀት ትልኩልናላችሁ፤ አስተርጓሚ አላችሁ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከእናንተ እኩል ያገሬ ሰዎች እንዲያነቡት ፈልጌያለሁ። የምጽፍበት ጉዳይ እኛ ብዙ ጊዜ «የነሱ ነገር ነው» ብለን የምናልፈው ዓይነት ነው። የነሱ ብቻ አይደለም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፣ ግራ እንዳትጋቡ።

ጉዳዬ የ1962ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን ነው። እዚህ ከተማ ትልቁም ትንሹም «ዎርልድ ፌር» ነው የሚለው፣ እኔም እንደዚያው ልበል። ስድስት ወር ብቻ ቆይቶ ከስድሳ ዓመት በፊት የተዘጋ ነገር ዛሬ ምን አነሳው የሚል አይጠፋም። ያነሳሁት የዚያን ጊዜ ውሳኔ ዛሬም በየቀኑ ስለሚያጋጥመኝ ነው።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ከኤርፖርት የምጭነው እንግዳ ገና ከተማው ሳንደርስ አንገቱን አስግጎ የሚፈልገው ስፔስ ኒድል የሚባለውን ማማ ነው። ካገር ቤት የሚመጣ ዘመድም ያው ነው። አክስት ትምጣ፣ የአማች ወንድም ይምጣ፣ ሻንጣው ተራግፎ ቡናው ከተጠጣ በኋላ ቀጣዩ ፕሮግራም የታወቀ ነው፤ እዚያ ማማ ሥር ቆሞ ፎቶ መነሳት። በ2017 የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዓመታዊ ዝግጅት ወደ እኛ ሲመጣ ኳሱ ሬንተን ነበር፣ ፎቶው ግን ስፔስ ኒድል ሥር ነበር።

ስለዚህ ዎርልድ ፌሩ ምን ትቶልን ሄደ ቢባል ሁሉም ማማውን ይጠቁማል። እኔ አልስማማም። ማማውማ የእኛ አይደለም። በግል ገንዘብ ተሠራ፣ ዛሬም የግል ነው። የቆመባትን ቁራጭ መሬት፣ በየጎኗ 120 ጫማ የሆነችውን፣ በ75 ሺህ ዶላር ገዝተዋታል። ዛሬ ላይኛው ፎቅ ለመውጣት ለአንድ አዋቂ ሰው ከ30 ዶላር በላይ ይከፈላል። ሚስት፣ ልጆችና ከአዲስ አበባ የመጡ አማት ያሉት ሰው ሒሳቡን ይሥራው። የእኛ የሆነው ከማማው ሥር የተዘረጋው ሜዳ፣ ሲያትል ሴንተር የሚባለው ነው። 74 ኤከር፣ በእኛ ልክ ወደ 30 ሄክታር። በር ላይ ቆሞ ቲኬት የሚጠይቅ የለም፣ ማነህ የሚል የለም። ይህ ደብዳቤ ስለ ሜዳው ነው።

በነገራችን ላይ በ1962 እንዲህ አልነበረም። ያኔ ግቢው አጥር ነበረው፣ አዋቂ ሰው ለመግባት 2 ዶላር ይከፍል ነበር። አጥሩ የተነሳው ድግሱ ሲያልቅ ነው። ብዙ ከተማ ድግሱ ሲያልቅ ቆሻሻና ዕዳ ነው የሚቀረው፤ እዚህ በሩ ተከፈተ።

ይህ እንዲሁ በዕድል የመጣ አይደለም። በ1955 አል ሮቸስተር የሚባል የምክር ቤት አባል፣ ማለትም እናንተ ዛሬ የተቀመጣችሁበት ወንበር ላይ የነበረ ሰው፣ የ1909ኙን የአላስካ ዩኮን ፓስፊክ ኤክስፖ 50ኛ ዓመት በሌላ ኤክስፖ እናክብር ብሎ ተነሳ። የ1909ኙ የተካሄደው ዛሬ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባለበት ግቢ ነው። ልጆቻችን ሲመረቁ ፎቶ የሚነሱበት ያ ክብ ፋውንቴንና ሬይነር ተራራን ፊት ለፊት የሚያሳየው ሰፊ መንገድ የዚያ ኤክስፖ ቅሪቶች ናቸው። ስለዚህ ከተማዋ ከድግስ የሚቀር ነገር ምን እንደሚጠቅም ቀድማ ታውቅ ነበር። በ1956 መራጩ ሕዝብ የ7.5 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አጸደቀ፣ ስቴቱም ያንኑ ያህል ጨመረ። ገንዘቡ የተፈለገው ለስድስት ወር ሆታ ብቻ አልነበረም፤ ከተማዋ ቋሚ የሕዝብ ማዕከል ትፈልግ ነበር፣ ኤክስፖው ደግሞ ገንዘቡን መሳቢያ ሆነ። ብልጠት ማለት ይሄ ነው። መጀመሪያ የሚቀረውን አሰቡ፣ ከዚያ ድግሱን ደገሱ።

ቀጠሮው ግን 1959 ላይ አልደረሰም። መሐል ላይ፣ በ1957፣ ሶቪየቶች ስፑትኒክን ወደ ሕዋ ላኩና አሜሪካ ደነገጠች። የኤክስፖው ርዕስም ወደ ሳይንስና ወደ 21ኛው ክፍለ ዘመን ዞረ። ዋሽንግተን ዲሲ ያለው መንግሥትም ኪሱን ከፈተ፤ የሶቪየት ፍርሃት ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ገንዘብ ወደዚህ ጥግ ይመጣ ነበር ብዬ አላምንም።

የማማውን ታሪክ ሳልናገር ባልፍ እንግዶቼ ይታዘቡኛል። የዎርልድ ፌሩን ኮሚሽን የሚመራው ኤዲ ካርልሰን የሆቴል ሰው ነበር፤ ጀርመን ሽቱትጋርት ያለውን የቴሌቪዥን ማማ አይቶ ልቡ ሸፈተና ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረገው። የጆን ግራሃም ቢሮ ዲዛይኑን ያዘ፣ ቪክተር ስታይንብሩክ ያችን ቀጭን ወገቧን ሰጣት። 184 ሜትር። መሠረቱ ሲሞላ 467 የኮንክሪት መኪና ተመላልሶ ከ12 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሰው ይባላል፤ እኔ እንደ ሹፌር የምደነቀው በዚህ ነው፣ ያን ቀን መንገዱን ማን እንዳስተባበረው ባወቅሁ። ግንባታው አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው የፈጀው። ዛሬ የአንድ ቤት ጓሮ ውስጥ ትንሽ ክፍል ለመሥራት ፈቃድ እስኪወጣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ እናንተ ታውቃላችሁ፣ አላስታውሳችሁም።

ኤፕሪል 21 ቀን 1962 ተከፈተ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ፍሎሪዳ ሆነው የቴሌግራፍ ቁልፍ ተጫኑ፣ እዚህ ደወሉ ተደወለ። ኦክቶበር 21 ሲዘጋ በአካል ይመጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ ጉንፋን ይዟቸዋል ተብሎ ቀሩ። ጉንፋኑ የኩባ ሚሳይል ነበር፤ በማግሥቱ ማታ በቴሌቪዥን ወጥተው ለዓለም ነገሩት። በነዚያ ስድስት ወራት ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ገብቶ ወጣ። ከተማዋ ያኔ ከ560 ሺህ ያነሰ ሰው ነበር የሚኖርባት።

የተሠራው ነገር ብዙው ቀረ። ስታዲየሙና አሮጌው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት፣ ዛሬ አርመሪ የምንለው፣ ቀድሞም ነበሩ። ፖል ቲሪ የሠራው ኮሊሲየም የኳስ አዳራሽ ሆነ፣ ዛሬ አሬናው የምንለው ነው። የኦፔራው ቤት ታድሶ ዛሬ ማኮው ሆል ነው። የፌዴራል መንግሥት የሳይንስ ድንኳን ፓሲፊክ ሳይንስ ሴንተር ሆነ፤ እነዚያ ነጫጭ ቅስቶች ከውሃው በላይ የቆሙበት። ያንን የሠራው ሚኖሩ ያማሳኪ ይባላል፣ እዚሁ ሲያትል ከጃፓን ስደተኞች የተወለደ ልጅ። በኋላ ኒውዮርክ የወደቁትን ሁለቱን መንትያ ሕንፃዎችም የነደፈው እሱ ነው። እዚያ ቅስቶች ሥር ሳልፍ ሁልጊዜ ለልጆቼ የምነግራቸው ስለ ሳይንሱ ሳይሆን ስለ እሱ ነው። የስደተኛ ልጅ ነው የሠራው እላቸዋለሁ፤ እነሱ ደግሞ «አባዬ ነግረኸናል» ይሉኛል።

ሌላ ቦታ እንዲህ አልሆነም። ኒው ኦርሊንስ በ1984 ያዘጋጀችው ኤክስፖ ገና ሳይዘጋ ኪሳራ አውጇል። የሞንትሪያሉ ኤክስፖ 67 የእኛም ድንኳን ነበረበት፣ ጃንሆይም ሄደው ጎብኝተውታል፤ ግን ለዚያ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ እሱም ለሌላ ከንቲባ።

አሁን ብዙ ጊዜ በመታሰቢያ ዝግጅት ላይ የማይነሳውን ልንገራችሁ። ሜዳው ባዶ ሜዳ አልነበረም። ሰፈር ነበር። ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ተወስደው ፈረሱ። ዋረን አቬኑ የሚባል የልጆች ትምህርት ቤት ነበር፣ በ1959 ተዘግቶ ፈረሰ፤ ዛሬ አሬናው የቆመው እዚያ ላይ ነው። በመክፈቻው ቀን ትርዒት ለማሳየት ከበረሩት የጦር ጄቶች አንዱ ተበላሽቶ ከከተማው ሰሜን ማውንትሌክ ቴራስ መኖሪያ ቤት ላይ ወደቀ። አብራሪው በፓራሹት ወረደ፣ ቤታቸው ውስጥ የነበሩ ባልና ሚስት ሞቱ። ድግሱ ቀጠለ።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ከተማዋ በ1962 «የ21ኛው ክፍለ ዘመን ከተማ ነኝ» ብላ ለዓለም ስትታይ፣ ጥቁር ሰው ገንዘብ ይዞ እንኳ ቤት የማይሸጥለት ሰፈር ሞልቶ ነበር። ድግሱ ካለቀ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1964፣ ይህን የሚከለክል ደንብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ሁለት ለአንድ በሆነ ልዩነት ወደቀ። ምክር ቤቱ ያጸደቀው በ1968 ነው። እኛ ሀበሾች ከዚያ በኋላ ነው የመጣነው። መጀመሪያ ሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈርን፤ ቼሪ መንገድ ላይ እንጀራ የሚሸጥባቸው ቤቶች ከየት መጡ ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ሌላው ሰፈር በሩን ዘግቶ በነበረበት ዘመን ጥቁሮች ከሠሩት ሰፈር ውስጥ ነው የተከራየነው። ቀጥሎ ኪራዩ ገፍቶን ወደ ሬይነር ቫሊ ወረድን፣ አሁን ደግሞ ወደ ስካይዌይ፣ ሬንተን፣ ታክዊላና ኬንት እየሄድን ነው። ይህን ሁሉ ዎርልድ ፌሩ አመጣው አልልም፣ ማጋነን ይሆናል። ግን መሐል ከተማው የእንግዳና የባለ ገንዘብ እየሆነ በሄደ ቁጥር የቀረን የጋራ ቦታ ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ ትልቁ ያ ሜዳ ነው።

ለዚህ ነው መሸራረፉን ዝም ብዬ ማየት የማልችለው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል አይደል፤ የሕዝብ መሬትም እንደዚያው በእግሩ ይሄዳል፣ ለዚያውም በሕጋዊ ውል።

ሞኖሬሉን፣ ከመንገዱ በላይ የሚሄደውን ባቡር፣ እንውሰድ። በ1962 አልቬግ የሚባል ኩባንያ በራሱ ወጪ ሠራው፣ ከተማው በ1965 በ600 ሺህ ዶላር ገዛው። መሐል ከተማ ካለው ዌስትሌክ እስከ ሜዳው አንድ ማይል ገደማ ነው፣ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ሁለቱ ባቡሮች ያኔ የነበሩት ናቸው፣ ዛሬም ይሠራሉ፤ በዚህ አገር ስድሳ ዓመት የሠራ መኪና ካያችሁ ንገሩኝ። ታዲያ በ1988 ዌስትሌክ ላይ የገበያ ማዕከል ሲሠራ ጣቢያው ተነሥቶ ሕንፃው ውስጥ ገባ፣ ሐዲዶቹም ተጠጋጉ። በጣም ስለተጠጋጉ ሁለቱ ባቡሮች እዚያ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ማለፍ አይችሉም። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሾፌሮቹም ያውቃሉ፣ ተራ ጠብቀው ነው የሚያልፉት። በኖቬምበር 2005 ግን አንድ ቀን ተራው ተሳሳተና ሁለቱ ተፋጩ። የሞተ ሰው አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥቂት ጫማ ቦታ ለሱቅ ተብሎ ሲለቀቅ የዚያን ቀን ማንም ምንም አልሆነም። ዋጋው የመጣው 17 ዓመት ቆይቶ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ከተማው ሜዳውን እንዲያድስለት ዲዝኒን ጠርቶ ነበር። ዲዝኒ ጥሩ ባለሙያ ነው፣ ግን ዲዝኒ የሚያውቀው ሰው ከፍሎ የሚገባበትን ቦታ ነው። ሕዝቡ አልወደደውም፣ ዕቅዱ ቀረ። ያኔ «አይሆንም» ያሉትን ሰዎች ዛሬ ስማቸውን የሚያነሳ የለም፣ እኔ ግን ባገኛቸው ቡና እጋብዛቸዋለሁ።

ቀጥሎ የቺሁሊ የመስታወት ሙዚየም መጣ። ፈን ፎረስት የሚባለው የልጆች መጫወቻ የነበረበት ቦታ ነው። መጫወቻው አርጅቶ ሲዘጋ ብዙ ሰው የጠበቀው ሣርና ዛፍ ነበር። በ2010 ግን የስፔስ ኒድል ባለቤቶች በትኬት የሚገባበት ሙዚየም እንሥራ አሉ። ጩኸት ተነሣ። ከተማው በጩኸቱ ተገድዶ ነገሩን ለሌሎችም ክፍት አደረገው፣ ሌሎች ሐሳቦች ቀረቡ፣ በመጨረሻ ሙዚየሙ አለፈና በ2012 ተከፈተ፤ በልዋጩ ኪራይ ይከፈላል፣ የልጆች መጫወቻም በእነሱ ገንዘብ እንዲሠራ ተስማሙ። ሐቁን ልናገር፤ መስታወቱ ያምራል። መጫወቻውም ጥሩ ነው፣ ልጆቼ አንዴ ከገቡ አይወጡም። ግን አስቡት፣ ያ መጫወቻ የመጣው ሰው ስለጮኸ ነው። ባይጮህ ኖሮ መስታወቱን በትኬት፣ መጫወቻውን በሕልም ነበር የምናየው።

አሬናው ደግሞ የተለየ ነው። የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ሶኒክስ በ2008 ወደ ኦክላሆማ ከሄዱ በኋላ አዳራሹ ለዓመታት ተኮራምቶ ቆየ። አዲሱ በግል ገንዘብ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት በ2021 ተከፈተ። የ1962ቱ ጣሪያ ቅርስ ስለሆነ አልፈረሰም፤ ወደ 20 ሺህ ቶን የሚመዝነውን ጣሪያ አየር ላይ በብረት ደግፈው፣ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ቆፍረው አውጥተው አዲስ አዳራሽ ሠሩ። ይህን ሥራ ሲሠሩ ብዙ ጊዜ አልፌ አይቼዋለሁ፣ ጉድ ነው። ሕንፃው አሁንም የከተማው ንብረት ነው። ስለዚህ የግል ገንዘብ በገባ ቁጥር ሜዳው ይጠፋል የምል ሰው አይደለሁም። ልዩነቱ ያለው ውሉ ላይ ነው። እዚህ የጣሪያው ጉዳይ በሕግ ስለታሰረ ጣሪያው ቀረ። ሣሩን እንዲህ አድርጎ ያሰረው ሕግ የት አለ?

ሣሩ ላይ ምን እንደሚሆን በበጋ ቅዳሜ ከሰዓት ኑና እዩ። በተለይ ኢንተርናሽናል ፋውንቴን ዘንድ። የ1962 ሥራ ነው፣ ጃፓናውያን ናቸው የነደፉት፤ ድሮ ዙሪያው ሻካራ ድንጋይ ነበር፣ በ1995 ሲታደስ ግን ልጅ እስከ ውሃው ድረስ እንዲወርድ ተደርጎ ተሠራ። ውሃው ከመሐል ካለው ጉልላት በሙዚቃ ይተኮሳል። ልጆቹ ዝም እስኪል ጠብቀው ሮጠው ሄደው ጉልላቱን ይነኩና፣ ውሃው ሲፈነዳ እየጮሁ ይመለሳሉ። ሶማሌው፣ ቬትናሙ፣ ሜክሲኮው፣ ሀበሻው፣ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሠራተኛው ልጅ፣ ሁሉም ርሶ አንድ ዓይነት ይሆናል። እናቶች ጠርዙ ላይ ነጠላ አንጥፈው ይቀመጣሉ። ቴርሞስ ይከፈታል፣ ቆሎ ይዞራል፣ ዳቦ ይቆረሳል። አንዷ የሌላዋን ልጅ በፎጣ ትጠቀልላለች፣ ስሙን እንኳ ሳታውቅ። እዚያ ማንም ምንም አልገዛም። እስከ ማታ ቢቀመጡ የሚያስነሳቸው የለም። ካፌ ውስጥ አንድ ማኪያቶ ይዘን ሁለት ሰዓት ስንቀመጥ የሚያዩንን ዓይን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ያ ዓይን የለም።

በሜይ መጨረሻ ፎልክላይፍ ሲሆንም እንዲሁ ነው፤ ከ1972 ጀምሮ በሩ ላይ ትኬት ሳይጠየቅበት የሚካሄድ የሙዚቃ ዝግጅት ነው። አንዱ ጥግ ላይ ፈረንጅ ባንጆ ይገርፋል፣ ሌላው ጥግ ከበሮ ይመታል። በጎን ደግሞ በምበርሹት አለ፤ በ1971 በነጻ ጀምሮ ቀስ እያለ የቲኬት ዝግጅት የሆነ። ሁለቱም በአንድ ሜዳ ላይ ናቸው፣ የተጀመሩትም በአንድ ዓመት ልዩነት ነው። ሜዳው በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ማወቅ የሚፈልግ እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ይያቸው።

ስለዚህ ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ፣ ምክንያቱም አሁን ሦስት ትልልቅ ጉዳዮች በአንድ ላይ እየመጡበት ነው።

አንደኛው ስታዲየሙ ነው። ሜሞሪያል ስታዲየም የትምህርት ቤቶች ነው፣ የ1947 ሥራ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ ከ700 በላይ የከተማዋ ተማሪዎች ስም ግድግዳው ላይ አለ። በ1962 ውስጡን በውሃ ሞልተው የጀልባና የስኪ ትርዒት አሳይተውበታል፣ እብደት ቢመስልም እውነት ነው። አሁን አዲስ እየተሠራ ነው፣ ከግል አጋር ጋር። ኮንሰርት እንደሚኖርበት ግልጽ ነው፣ ክፉ አይደለም። እኔ የምጠይቀው ስንት ቀን ለተማሪ፣ ስንት ቀን ለኮንሰርት፣ ስንት ቀን ለሰፈር ቡድን እንደሆነ ነው። የእኛ ልጆች ኳስ ቡድን ሜዳ ለመከራየት የሚለምንበትን ቦታ ብትቆጥሩ ታፍራላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ለእነዚህ ቡድኖች የሚለቀቅ ሰዓት ውሉ ውስጥ ይግባ። «ለማኅበረሰቡ ክፍት ይሆናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይሆን ሰዓት።

ሁለተኛው ባቡሩ ነው። ሕዝቡ በ2016 ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው ወደ ባላርድ ሰፈር የሚሄደው የቀላል ባቡር መስመር ሜዳው ጋ ጣቢያ ይኖረዋል ተባልን። ቀኑ እየተገፋ 2039 ደርሷል፣ ወጪው ደግሞ በየጊዜው ያሻቅባል። ያን ጊዜ ዛሬ ፋውንቴኑ ውስጥ የሚሯሯጡት ልጆች የራሳቸውን ልጆች ይዘው ይመጣሉ። እስከዚያ ያለን መንገድ ከሬይነር ቫሊ በቀላል ባቡር እስከ ዌስትሌክ፣ ከዚያ ሞኖሬል ነው። ከ2019 ጀምሮ ሞኖሬሉ ለአውቶቡስና ለባቡር የምንከፍልበትን የኦርካ ካርድ መቀበሉ ትልቅ ነገር ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን ከመሬት ውስጥ ጣቢያ እስከ ሞኖሬሉ ድረስ ያለውን መንገድ አንድ ቀን ጋሪ የሚገፋ ልጅና ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ይዛችሁ ሞክሩት። ምልክቱ አይታይም፣ ሊፍቱ የት እንዳለ ሰው ጠይቆ ነው የሚደረሰው። ይህን ለማስተካከል 2039ን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቀለምና ሰሌዳ ነው፣ ቢበዛ አንድ ሰው ቆሞ የሚያሳይ።

ሦስተኛው ከሁሉም በላይ ያለው ነው። ሜዳው ላይ ከአሁን በኋላ የሚገባ ማንኛውም የረጅም ጊዜ ኪራይ ከመፈረሙ በፊት ለሕዝብ ይቅረብ፤ ከሣሩ ስንት ካሬ እንደሚወስድ፣ በልዋጩ በነጻ ምን እንደሚሰጥ በግልጽ ይጻፍ። ለስብሰባ ስትጠሩንም ከሰኞ እስከ ዓርብ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ መሐል ከተማ አትጥሩን። ያን ሰዓት እኛ ሥራ ላይ ነን፤ ግማሻችን እናንተን እየነዳን፣ ግማሻችን የእናንተን ወላጆች እየተንከባከብን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሬይነር ላይ ጥሩን፣ አዳራሹ ይሞላል። ከመስጊድ በኋላ ዓርብ ማታም ይቻላል።

ሌላም ትንሽ ነገር አለችኝ። አሬናው አጠገብ ዋረን ትምህርት ቤት እዚህ ነበር የሚል፣ ሰው ቆሞ የሚያነበው ሰሌዳ ይተከል። የስፖንሰር ስም ለመጻፍ ቦታ ካልጠፋ ለዚህም አይጠፋም።

ላገሬ ልጆች ደግሞ፤ ስፔስ ኒድል ሥር ፎቶ ተነሥታችሁ ወደ መኪና አትሩጡ። መኪናውም ፓርኪንግ ላይ ገንዘብ እየበላ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ወደ ፋውንቴኑ ዝለቁ። የከተማው ስብሰባ ማስታወቂያ ሲደርሳችሁም ከፒዛ ኩፖን ጋር አትጣሉት። በ2010 እነዚያ ሰዎች ስለጮኹ አንድ መጫወቻ ተገኘ፤ ከጮኹት መሐል እኛ ምን ያህል እንደነበርን ግን እናውቃለን።

የምክር ቤቱ አባላት፣ የስታዲየሙን የሰፈር ቡድኖች ሰዓት፣ የዌስትሌኩን ምልክትና የኪራይ ውሎቹን በተመለከተ ምላሻችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ሰዓቱን በቁጥር አስቀምጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሬይነር ቫሊ አንድ ሹፌርና የልጆች አባት